ኧርሊን ነኝ፣ ከዘጠነኛው መንገድ

በሎረል ፎርክ ሰኞ አመሻሽ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ስልክ የሚያነሳልህ ሰው አታገኝም። ሁሉም ሬዲዮ ላይ ተጥዷል። የብራይትዌል ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ኮች ሄርስተን በዚያች ሰዓት ከሕዝቡ ጥያቄ ይቀበላል። ቅዳሜ ያጠፋውን ሰኞ ይናዘዛል ማለት ይቻላል። የመጀመሪያዋ ደዋይ ማን እንደሆነች ሁሌም የታወቀ ነው።

«ኧርሊን ነኝ፣ ከዘጠነኛው መንገድ።»

ሚስ ኧርሊን ብሮድናክስ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድተዋል። በከተማችን ከሃምሳ ዓመት በታች ያለውን ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ቁጭ በል!» ብለውታል። ኮች ሄርስተን ከሌላ ግዛት የመጣ ስለሆነ ይህ አምልጦት ነበር፤ እሱንም በሬዲዮ አስቀመጡት። ለሃያ ሁለት ዓመት በየሰኞው ደውለዋል። ሦስት አሰልጣኞች አሳልፈዋል፤ ሄርስተን አራተኛው ነው።

ቅሬታቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያው አንዱ ነው። አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ ይሰጥሃል፤ ኳሷን መወርወርም ይዞ መሮጥም የአንተ ፈንታ ነው። የእኛ ቡድን፣ አሰልጣኝ ቢለወጥም ባይለወጥም፣ ጨዋታ ሲጀመር የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ኳሷን ለወፍራሙ ሯጭ ይሰጥና መሐል ለመሐል፣ ሰው ወደተከመረበት ይልከዋል።

«ኮች፣» ይላሉ ሚስ ኧርሊን፣ «በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ለምን ግድግዳውን ትገፋለህ?»

ባለቤታቸው ዋርዴል በሕይወት ሳሉ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጠው፣ ንግግሩ ሲረዝም የእጅ ሰዓታቸውን መታ መታ ያደርጉ ነበር። ዋርዴል ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሚስ ኧርሊን ሳይደውሉ የቀሩት የቀብሩ ሰሞን፣ ያችን አንዲት ሰኞ ብቻ ነው። ያን ዕለት ኮች ሄርስተን «የመጀመሪያው መስመር ዛሬ ባዶ ነው» ብሎ ዝም አለ፤ ሬዲዮኑ የተበላሸ እስኪመስለን ድረስ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ለሚስ ኧርሊን ምን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን። አንናገረውም እንጂ።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈን ሚስ ኧርሊን የግድግዳቸውን ነገር ገና ሲጀምሩ ኮች አቋረጣቸው።

«ሚስ ኧርሊን፣ እንዲህ እናድርግ። ከወር በኋላ የቀድሞ ተማሪዎች የሚመጡበት ቅዳሜ ነው። ከኬን ሂል ጋር ነው የምንጫወተው። የመጀመሪያውን ትእዛዝ እርስዎ ይስጡ።»

«ምን?»

«የመጀመሪያው ኳስ የእርስዎ ነው። ወርውሩ ካሉ እንወረውራለን፤ ሩጡ ካሉ እንሮጣለን። ቃሌ ነው፤ ከተማው በሙሉ እየሰማ ነው።»

ሚስ ኧርሊን በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከሩ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ወጥ ቤት ውስጥ አብረናቸው ነበርን። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስታዲየሙ ውጪ መኪና ማቆሚያው ላይ ሲጠብሱ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ከሽንኩርት ያለፈ ነገር አያምኑኝም። ሌላው ሰው ደግሞ የዋርዴል ወንድም ክሊዮፈስ ነበር። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ግን አንቱ ያለው ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። በበቆሎ ዱቄት ለውሶ የሚጠብሰው አምባዛ በሦስት ከተማ ይታወቃል፤ ምላሱም እንደዚያው።

«በቃ፣ ጉድሽ ፈላ» አለ ክሊዮፈስ። «እስከ ዛሬ ዳር ቆመሽ ነበር የምትጮኺው። አሁን ግቢበት።»

«እገባበታለሁ! አንተ ምን አገባህ?»

«እንወራረድ። ኳሷ አንዲት ያርድም ብትሆን ወደፊት ከሄደች፣ ያን ዘቢብ የምትጨምሪበትን የድንች ሰላጣ ዕድሜ ልኬን ያለ አንዲት ቃል እበላለሁ። ወደ ኋላ ከመጣች፣ ወይ መሬት ከወደቀች፣ ወይ ኬን ሂሎች ከያዟት ግን ሰኞ አበቃች። ስልክ የለም።»

ይህን ሲል ቀልዱን ነበር። ሚስ ኧርሊን ግን ወደ ስልኩ ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ወደ ዋርዴል ወንበር አዩ።

«ተወራርጃለሁ» አሉ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ወረቀት ጀርባ ላይ ስልታቸውን ሣሉ። ወርዋሪው ኳሷን ለወፍራሙ ሯጭ የሰጠ ይመስላል፤ ኬን ሂሎች በሙሉ ሯጩ ላይ ይከመራሉ፤ ወርዋሪው ግን ኳሷን ከወገቡ ሥር ደብቋታል። ከዚያ አርባ ያርድ አርቆ፣ ዳር ለዳር ብቻውን ለሚሮጠው ረጅም ልጅ ይልክለታል። «ግድግዳውን የምንገፋ መስለን በሩን መክፈት ነው» አሉን። ብርቱ ሚስጥር ነው ብለው ለአርባ ሰው አሳዩት። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

የቀረው አንድ ስጋት ዝናብ ነበር። እርጥብ ኳስ አርባ ያርድ አይሄድም፤ ቢሄድም የሚይዘው የለም። ለዝናብ ደግሞ በእኛ አገር መድኃኒቱ ይታወቃል። ሠርግ ያለው ሰው ልክ ወር ሲቀረው፣ ድግሱ የሚደረግበት ቦታ ላይ ሙሉ ጠርሙስ ውስኪ አፉን ወደ ታች አድርጎ ይቀብራል። ዕለቱ ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ጠርሙሱም ተቆፍሮ ይጠጣል። ለሠርግ የሚሠራ ለኳስ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ችግሩ ሚስ ኧርሊን ነጭ ለብሰው እሑድ እሑድ የቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ምእመኑን የሚያስገቡ ሴት መሆናቸው ነው። በእኛ ወረዳ መጠጥ አይሸጥም፤ ስለዚህ ማንም ወደማያውቃቸው ወደ ጎረቤት ወረዳ በመኪና እንድወስዳቸው ለመኑኝ። መነጽርና ባርኔጣ አድርገው ገቡ። መደርደሪያው ጥግ ላይ አንድ ሌላ መነጽርና ባርኔጣ ያደረገ ሰው ቆሟል፤ የቤተ ክርስቲያናችን የገንዘብ ኃላፊ፣ የሰባ አምስት ዓመቱ ዲያቆን ሜብሪ ናቸው።

«እኅት ኧርሊን» አሉ፣ ጠርሙሱን ወደ ኮታቸው እያስጠጉ። «እኔ እንኳ… ለጉንፋን ነው።»

«ይማርዎ። እኔ ልቀብረው ነው።»

ዲያቆኑ ትንሽ አሰቡ። «እንዲያም ማለት ይቻላል ለካ» አሉ።

ጠርሙሱን መኪና ማቆሚያው ላይ ሁልጊዜ ድንኳናችንን ከምንተክልበት ከፔካኑ ዛፍ ሥር ቀበርነው። ክሊዮፈስ አካፋውን ያዘ፤ ሚስ ኧርሊን ጸለዩ። እኔ ቆሜ አየሁ።

ሦስት ሳምንት ያለ አንዲት ጠብታ አለፈ። ፀጉር ቤቱም፣ ፖስታ ቤቱም፣ የትራፊክ መብራት ላይ የቆመ መኪናም ወሬው አንድ ነበር። «ሚስ ኧርሊን፣ እንወረውራለን?» ይሏቸዋል መስኮት ዝቅ አድርገው። «በሩ ክፍት ነው!» ይላሉ እሳቸው።

በመጨረሻው ሳምንት የሬዲዮው የአየር ጠባይ ሰውዬ ሰኞ ዕለት የቅዳሜው ዝናብ ዕድል ከመቶ ሃያ ነው አለ። ረቡዕ አርባ አለ። ሐሙስ ሰባ። ዓርብ ቁጥሩን ትቶ «ጃንጥላችሁን ያዙ» አለ።

«ጠርሙሱ አለ» አሉ ሚስ ኧርሊን።

«አዎ፣ ጠርሙሱ አለ» አለ ክሊዮፈስ፤ ግን አምባዛውን እያገላበጠ ቀና አላለም።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ መጣ። የማባበል ዝናብ አልነበረም፤ የድንኳኑን ሸራ እንደ ከበሮ ይደበድበው ጀመር። የከሰሉ ጭስ ወደ ዓይናችን ተመለሰ። ሚስ ኧርሊን የዝናብ ካፖርታቸውን እንደለበሱ አካፋ አንስተው ከዛፉ ሥር ቆፈሩ። ጠርሙሱ እንደተቀበረ አፉን ደፍቶ ተገኘ። ከፈቱት፤ አሸተቱት፤ ቀመሱት።

«ክሊዮፈስ።»

«አቤት።»

«ይሄ ሻይ ነው።»

ክሊዮፈስ የመጥበሻውን ማንኪያ አስቀመጠ። «በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴን ሲያመኝ ጊዜ… ያው ቀለሙ አንድ ነው። ሰማይ ቀምሶ ይለያል ብዬ አላሰብኩም።»

«ስኳር ጨምረህበታል!»

«ታዲያ ሻይ ያለ ስኳር ማን ይቀብራል?»

ሚስ ኧርሊን አካፋውን ወደ ላይ ሲያነሱ ክሊዮፈስ ከመኪናው ጀርባ ዞረ። ለሰባ ዓመት ሰው፣ የታመመ ጉልበት ይዞ፣ በጣም ነው የሮጠው።

ንዴታቸው ሲበርድ ጃንጥላ ይዘው ወደ ሜዳው አጥር ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። ተጫዋቾቹ እያሟሟቁ ነበር። ወርዋሪው ዴማርየስ የእኛው ከተማ ልጅ ነው፤ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በሚስ ኧርሊን አውቶቡስ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያደገው። ሲወረውር አዩት። ኳሷ ከእጁ እንደ ሳሙና ሙልጭ ትላለች። እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ ሱሪውም እርጥብ ነው። ደግሞ ይወረውራል፤ ደግሞ ትወድቃለች። ቀና ሲል አጥሩ ጋ ሚስ ኧርሊንን አያቸውና አውራ ጣቱን አነሳላቸው፤ «አይዞዎት፣ እወረውራለሁ» የሚል ይመስል ነበር።

እሳቸው አጸፋውን አልመለሱም። ዓይናቸው እርጥብ እጁ ላይ ነበር።

ያኔ ኪሳቸው ውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«ሃሎ?»

የኮች ሄርስተን ድምፅ ከዝናቡ በላይ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። «ሚስ ኧርሊን፣ የቆየሁ አድማጭ፣ አዲስ ደዋይ ነኝ።»

እሳቸው ሳቅ አመለጣቸው።

«ሰማዩን አይተውታል» አለ። «ቃሌ ቃል ነው። ወርውር ካሉኝ አስወረውራለሁ። ግን ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

ሚስ ኧርሊን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ራቅ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ፈተና ወረቀት ተዘግቶ ነበር። ምን አሉት ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። እኔ እንደዚህ ነኝ፤ ጥያቄ ከአፌ ሳይወጣ ሰዓቱ ያልፋል።

ሰባት ሰዓት ላይ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ስምንት ሺህ ሰው ፕላስቲክ ለብሶ ቆመ። ሁሉም የመጀመሪያው ኳስ የማን እንደሆነ ያውቃል። «ኧር-ሊን! ኧር-ሊን!» እያለ ይጮኻል። ክሊዮፈስ ሁለት ወንበር ርቆ ተቀምጧል።

ዴማርየስ ኳሷን ተቀበለ። ዞረ። ለወፍራሙ ሯጭ ሰጠው። ደብቋት ይሆናል ብለን ትንፋሻችንን ዋጥን። አልደበቃትም። ሯጩ በእውነት ይዟታል፤ መሐል ለመሐል፣ ሰው ወደተከመረበት ገባና ጭቃ ውስጥ ተዘረጋ።

ሦስት ያርድ።

እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። «ቃል አባይ!» ይላል አንዱ። «ሴትዮዋን አዋረዳት!» ይላል ሌላው። ዲያቆን ሜብሪ ሳይቀሩ ተነስተው፣ የጉንፋኑ መድኃኒት እየረዳቸው፣ ጃንጥላቸውን ወደ ኮች ነቀነቁ። ክሊዮፈስም ተናደደ። «ይሄ አይቆጠርም! ትእዛዙ ያንቺ አይደለም፤ አጭበረበረሽ!» አለ። ኮች ሄርስተን ከሜዳው ዳር፣ ውሃ ከቆቡ እየወረደ፣ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረም። ሚስ ኧርሊን ጉልበታቸው ላይ የጨበጡትን እጃቸውን ብቻ ያዩ ነበር።

በጭቃ ስንንከባለል ውለን አሥር ለዘጠኝ አሸነፍን። ግን ያሸነፍነውን ማን አስታወሰው?

ሰኞ አመሻሽ ሬዲዮኑ ገና ሲከፈት መስመሩ ሞልቷል ተባለ። ሚስ ኧርሊን ስልኩን አላነሱም ነበርና የመጀመሪያው ደዋይ ሌላ ሰው ሆነ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም፣ አራተኛውም ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ያን ትእዛዝ ማን ሰጠ? ለምን ቃልህን በላህ?

«በዚህ ሜዳ ላይ ለሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ» ይላል ኮች። ከዚያ በላይ አይልም።

«አየሽው ሲያድበሰብስ!» አለ ክሊዮፈስ። የድንች ሰላጣው ሳህን ከፊቱ ቀርቧል፤ ገና አልነካውም። «ሐቀኛ ቢሆን ኖሮ ኳሷ ትወረወር ነበር።»

ሚስ ኧርሊን የዋርዴልን ወንበር አዩ። ስልኩን አነሱ። ሬዲዮኑን ዝቅ አደረግሁላቸው፤ ከሽንኩርትና ከመኪና መሪ ሌላ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው።

«ኧርሊን ነኝ፣ ከዘጠነኛው መንገድ።»

«ሚስ ኧርሊን» አለ ኮች። ድምፁ ደክሟል። «ዛሬ እንኳ የማይደውሉ መስሎኝ…»

«ቆይ፣ እኔ ልናገር። አድማጮች፣ ይሄን ሰውዬ ተዉት። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዝናብ ውስጥ ቆሜ፣ በራሴ አፍ፣ መሐል ለመሐል ሩጡ አልኩት። የልጁ እጅ ኳስ አይይዝም ነበር። በስምንት ሺህ ሰው ፊት እንዳይዋረድ አልኩ።» ወደ ክሊዮፈስ ዞር አሉ። «ሰኞዬም እንዳትሄድብኝ አልኩ። አዎ፣ እሱንም አስቤያለሁ።»

የክሊዮፈስ አፍ ተከፍቶ ቀረ።

«ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ…» አለ።

«ሃያ ሁለት ዓመት!» አሉ ሚስ ኧርሊን ከአፉ አፈፍ አድርገው። «ሦስት ያርድ ግን ወደፊት ነው። ብላ!»

ክሊዮፈስ ሹካውን አነሳ። አንዷን ዘቢብ በሹካው ጫፍ ወደ ሳህኑ ዳር ሊገፋት ሲል አዩት። መለሳት። ጎረሳት። ያለ አንዲት ቃል ዋጣት።

«አመሰግናለሁ፣ ሚስ ኧርሊን» አለ ኮች፤ ድምፁ ቀለል ብሎታል። «እርስዎ ባይናገሩ እኔ መቼም አልናገርም ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የተናገርኩት።» ሚስ ኧርሊን ወንበራቸውን ወደ ስልኩ ሳቡና ክርናቸውን ጠረጴዛው ላይ ተከሉ። «የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ እሱ አለቀ። አሁን ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ሁለተኛውንም መሐል ለመሐል ነው የላክኸው፤ ሦስተኛውንም። እነሱንስ ማን አዘዘህ?»