«እኔ ነኝ ተይ ያልኳት»

ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ ትልቁን አንጀቴን በመሣሪያ አይቶ ሲጨርስ ፊቱ በራ። «ቁስል የሚባል የለም፤ ግባችንም ይኼ ነበር። እርስዎ ደግሞ መድኃኒት የማያቋርጡ ታካሚ ነዎት» አለኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሀፍረት ያዘኝ። ልብሴን እየለበስኩ አዳዳ ከዲጃን አሰብኩ።

አዳዳ የአባቴ እኅት ነበረች፤ በእኛ አገር የአባትን እኅት እንዲያ ነው የምንጠራው። በደርግ ጊዜ፣ ቺሮን አሰበ ተፈሪ በምንልበት ዘመን፣ እሷ ቤት ሆኜ ነበር የምማረው። ከገለምሶ የሚመጣ ጫት ተረክባ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ትሸጣለች። ድምፅዋ ከገበያው ወዲያ ማዶ ይሰማል፤ ስትሳደብ እንኳን ታስቃለች።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ደም ያስቀምጠኝ ጀመር። አሜባ ነው እየተባለ ስንት ክኒን ዋጥኩ መሰላችሁ። ከክፍል እየሮጥኩ ስወጣ የሚስቁብኝ ልጆች ሳቅ ከቁርጠቱ ይብስብኝ ነበር። በመጨረሻ አዳዳ ንግዷን ትታ ሐረር ወሰደችኝ። አንድ ሽማግሌ ሐኪም በመሣሪያ አይቶ፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት ነው አለ። ቢጫ ክኒን ሰጠኝና «ደሙ ይቆማል። ደሙ ቆመ ማለት ግን ውስጡ ዳነ ማለት አይደለም። እኔ ሳልልሽ እንዳታቆሚ፣ ያገረሽብሻል» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

እንዳለውም ደሙ ቆመ። ማሽላው ሲደርስ ፊቴ ወዝ አወጣ፤ ከንፈሬ ላይ አላደርስ ያልኩት ሁልበት የሚባለው የአብሽ ወጥ እንኳን ይጥመኝ ጀመር። አዳዳ ፍየል አርዳ የምስጋና ዱዓ አስደረገች። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ጓዳውን ሞሉት። ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ከሐኪም ደጅ ያርቅሽ፣ መድኃኒት አያሻሽ» ሲሉ ቤቱ በሙሉ «አሚን» አለ። አዳዳ ታለቅስ ነበር።

በማግሥቱ ክኒኑን በመዳፌ ይዤ ቆምኩ። ያ ሁሉ ሰው አሚን ካለ በኋላ መዋጥ ዱዓውን መናቅ መሰለኝ። ማንም ተይ አላለኝም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ምንም አያመኝም ነበር፤ እንደ እኩዮቼ ጤነኛ መሆን አምሮኝ ነበር። አዳዳ «ዋጥሽ?» ስትለኝ «ዋጥኩ» እላታለሁ። ክኒኑን ጓሮ እቀብረው ነበር።

በልግ ሲገባ ደሙ ከፊተኛው ብሶ ተመለሰ። በሂርና በኩል በሚሄደው አውቶቡስ፣ አዳዳ ጭን ላይ ጋደም ብዬ እንደገና ወደ ሐረር ሄድን። ሾፌሩ በጭጋጉ መሐል በየቦታው ሲያቆምልኝ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ አዳዳ ለሁሉም መልስ አላት። እዚያው መንገድ ላይ ክኒኑን መተዌን ነገርኳት። ያቺ ሴት ዝም ስትል ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጮኸ። «ማነው አቁሚ ያለሽ? ብትሞቺስ?»

አፌን ሳልከፍት አዳዳ ቀደመችኝ። «እኔ ነኝ ተይ ያልኳት። ዱዓ ተደርጎልሻል፣ ክኒን ምን ያደርግልሻል አልኳት።»

ሐኪሙ በነርሶቹ ፊት ወረደባት። «ልጅ የሚገድሉት እንደ እርስዎ ያሉ ናቸው» አላት። ገበያውን የምታንቀጠቅጠው ሴት አንገቷን ደፍታ «እውነትህን ነው» አለች። እኔ አልጋው ላይ ተጋድሜ ዝም አልኩ።

ብቻችንን ስንቀር «አዳዳ፣ ለምን?» አልኳት።

«አንቺን ቢቆጣሽ አፍረሽ ሁለተኛ እዚህ አትመጪም። እኔን ቢቆጣኝ ምን እሆናለሁ? በቀጠሮሽ ይዤሽ እመጣለሁ።»

እንዳለችውም በየቀጠሮው ይዛኝ ሄደች። ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገብቶ ነበር፤ አንዲት ጎረቤታችን ያን ቀን እዚያው ለመታከም ሄዳ ጩኸቱን ሰምታለች። ከዲጃ የወንድሟን ልጅ መድኃኒት አስጥላ ልትገድላት ነበር ተባለ። አዳዳ አላስተባበለችም። እኔም አላስተባበልኩም፤ መጀመሪያ ፈርቼ፣ በኋላ ለምጄው።

ከሞተች ቆየች። በኢድ ዘመድ ሲሰበሰብ ክኒን አልውጥም የሚል ልጅ ከተገኘ ያ ታሪክ ይነሳል፤ «ከዲጃ እንዳትሆኑ!» ይባላል፣ ይሳቃል። ዕድሜዬ የእሷን አልፏል፤ ከእንግዲህ ማን ይቆጣኛል ብዬ እንደምፈራ እኔም አላውቅም። ዘንድሮም ሲነሳ እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የወንድሜ ልጅ ዐይኗን አፍጥጣ «አዳዳ፣ እውነት እንደዚያ አድርጋሽ ነበር?» አለችኝ።

«ብዪ እንጂ፣ ሥጋው ሳይበርድ» አልኳት።