ያልሰጠሁት ፈቃድ

ከባለቤቴ ከካሣዬ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የአልጋችንን ጠፍር ማጥበቅ ነበር። እሱ አልጋውን በእግሩ ረግጦ ጠፍሩን ይስባል፣ እኔ ቋጠሮውን እይዛለሁ። «ያዥ እንጂ ጥሩዬ፣ እንቅልፍሽ መጣ እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። ይህ የሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ቆቦ በገዛ ቤታችን ነው። በዚያው ሳምንት አልጋው ላይ ብቻዬን እንደምተኛ አላወቅኩም። እሱ ግን ያውቅ ነበር። እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ይኼ ነው።

ካሣዬን መርሳት ከጀመረው ዓመት ሊሞላው ነበር። ማሽላውን ቤት ትቶ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የራሱን በር አልፎ የጎረቤት ያንኳኳል። «እርጅና ነው፣ ምን ታደርገዋለህ» እለዋለሁ።

ያን ሰሞን ታላቅ እህቱ እትዬ ዘነበች ከደጋ ወርደው እኛ ዘንድ ሰንብተዋል። ጎብዬ ገበያ ውዬ ስመለስ ካሣዬም የለም፣ እትዬም የሉም፣ ጋቢውም ከተሰቀለበት የለም።

ጎረቤቴ ፋጡማ «ጧት በሚኒባስ ሄዱ እኮ!» አለችኝ። «ወላሂ፣ አውቀሽ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»

ዘመድ ጥየቃ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ሲቆይብኝ ወደ ደጋው አገራቸው ወጣሁ። ያገኘሁት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከመነኮሳቱ ጎጆ ደጃፍ፣ ቆብ ደፍቶ ተቀምጦ ነው።

የደብሩ አስተዳዳሪ ላይ ጮህኩባቸው። «ባለ ትዳር ሰው ሚስቱ ሳታውቅ እንዴት ይመነኩሳል?»

አዛውንቱ ደነገጡ። «ፈቅዳልኛለች ብለውናል እኮ ልጄ! በገዛ አፋቸው። እህታቸውም መስክረዋል።»

እትዬ ዘነበችን ዞር አድርጌ «ምን በደልኳችሁ?» አልኳቸው።

«ምንም አልበደልሽ። የቤታችን ወግ ነው። አባታችንም አጎታችንም መርሳቱ ሲጀምራቸው እዚሁ ነው የገቡት።»

«መርሳቱ?»

«ውይ! ይኼን ሁሉ ዘመን አልነገረሽም?»

ስንጋባ ሽማግሌዎቻችን እንደ ደንቡ ዘር ቆጥረዋል። ቁምጥና አለ ወይ፣ እብደት አለ ወይ ተብሎ ተጠይቋል። ስለ አባቱ «መንኩሰዋል» ሲባል አባቴ ደስ ብሎት፣ የመነኩሴ ቤትማ የተባረከ ነው ብሎ ዳረኝ። ምንኩስናው በሽታ መሸሸጊያ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ከሰዓት በኋላ ካሣዬ አእምሮው ረጋ ሲልለት ለምን ዋሸህ አልኩት።

«አባቴ እናቴን ሲደበድባት አይቻለሁ» አለኝ። «ሚስቱ መሆኗን ረስቶ፣ ሌባ ገባች ብሎ። ከዚያ ነው እዚህ ያመጡት። እኔ እጄ አንቺ ላይ ሳይነሳ ልሂድ ብዬ ነው።»

«ታዲያ እኔን አትጠይቀኝም?»

«ብጠይቅሽ እምቢ ትያለሽ።»

እውነቱን ነው። እምቢ እል ነበር።

ከዚያ በኋላም እየተመላለስኩ ጠየቅሁት። በመጨረሻ ያየሁት ቀን፣ ያመጣሁለትን ዳቦ እየበላ፣ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለኝ። እዚያው አረፈ። መሞቱን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ለቅሶ የደረሰኝ ሰው ሁሉ «ታድለው! በቆብ አረፉ» ይለኛል። ጥርሴን ነክሼ «እግዜር ይስጥልኝ» እላለሁ።

የጤና ጣቢያው ሐኪም እንዲህ ያለው በሽታ በዘር ሊሄድ እንደሚችል፣ ሁሉንም ልጅ ግን እንደማይዝ አስረድቶኛል። ያለን አንድ ወንድ ልጅ ነው።

ካሣዬ ለኔ አስቦ እንዳደረገው ይገባኛል። ቢሆንም ቅሬታው አልወጣልኝም። ስንጋባ የቤቱን በሽታ ደበቀኝ፣ ሲታመም ደግሞ ማስታመሙን ቀማኝ። ከጎኔ ሆኖ ቢመታኝም ይሻለኝ ነበር የምልበት ቀን አለ። ሰው ይኼን ሲሰማ ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁን የቆቦውን ቤት አከራይቼ ዋጃ ከልጄና ከሚስቱ ጋር እኖራለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጬ የአባቱንና የአያቱን በሽታ ነግሬያቸዋለሁ።