የአክስቴ አከዳደን

ዛሬ ልደታ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ስገባ ሙዳዬን በሥርዓት ተከድኖ አገኘሁት፤ የክዳኑ ቀይ ስፌት ከታችኛው ቀይ ስፌት ጋር ገጥሟል። ይሄ የእኔ አከዳደን አይደለም።

ሙዳዩን የሰፋችው ጌጃ ሰፈር ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ያን ያህል ደክማበት፣ ስትከድነው ሁልጊዜ ቀዩን አረንጓዴው ላይ ታሳርፈው ነበር። ዓይኗ ደክሞ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከፈትኩት። የተባዘተ ጥጥና የብር ጉትቻ አለ፤ ከሥር ደግሞ የማላውቀው ሰውዬ ፎቶግራፍ። ሁሉንም መልሼ፣ ክዳኑን ቀይ በቀይ አሳምሬ ገጠምኩት።

አክስቴ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ መጀመሪያ ሙዳዩን፣ ቀጥላ እኔን አየች።

«አሳምረሽ ከድነሽዋል» አለችኝ። በሳምንቱ ደግሜ ስከፍተው ፎቶግራፉ የለም።

አሁን ባሌና ልጄ ሳሎን ቴሌቪዥን ያያሉ። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። ሙዳዩን ከፈትኩት፤ የጎደለ ነገር የለም። እኔም ከጥጡ ሥር የደበቅኩትን የአንድ ሰው ፎቶግራፍ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ቀዩን አረንጓዴው ላይ አሳርፌ ከደንኩት።