የእትዬ በለጡ ሲሚንቶ

ሥልጠና የገባሁ ዕለት የተሰጠኝ መሣሪያ ወንበር ነው። ፈረንጁ መምህራችን ሙሴ ፖል የግንበኛ ማንኪያዬን ተቀብለው ጥግ አስቀመጡና «ተቀመጥ፤ ግድግዳውን እይ» አሉኝ። ምኑን እንደማይ አልነገሩኝም። እስኪመሽ አየሁ። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ምን ሠርተህ ዋልክ?» ብትለኝ ምን ልበላት!

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ነው። ከጋና፣ ከሱዳንና ከኬንያ ከመጡ ሰዎች ጋር የጥንት ሕንፃ ጥገና የምንማረው እዚያው ሰፈሬ ኮልፌ፣ አንዲት አሮጌ የጭቃ ቤተ ክርስቲያን ላይ ነበር። ፈተናውን ላለፈ ቋሚ ሥራ አለ ተባለ። እኔ ደግሞ የቀን ሥራ ግንበኛ ነበርኩ፤ ክረምት ሲገባ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ። ያንን ሥራ ክፉኛ ፈልጌዋለሁ።

አንድ ቀን ስንጥቅ ድፈን ተባልኩ። ጭቃውን በጭድ አቡክቼ፣ አለስልሼ፣ መልኩን አመሳስዬ ደፈንኩት። የት እንደነበር ለራሴም ጠፋኝ። ሙሴ ፖል ቀረብ ብለው አዩና «አዲሱ የቱ ነው?» አሉኝ።

«አይታወቅም!» አልኩ በኩራት።

«አፍርሰው። ጥገና ቀርቦ ላየው ሰው መታወቅ አለበት፤ አለዚያ አዲሱን የጥንት ነው ብለን ዋሸን ማለት ነው።»

ወይ ጉድ! እኔ ባደግኩበት ሙያ የሚታይ ድፍን የሰነፍ ሥራ ነው። አፈረስኩት፤ ግን አልገባኝም።

የባሰ ግራ የገባኝ ጎረቤቴ እትዬ በለጡ ሲሚንቶ በአህያ አስጭነው የመጡ ዕለት ነው። አንድ ልጃቸው ታሞ ሳለ «ከዳነልኝ የቤተ ክርስቲያኗን ግድግዳ በሲሚንቶ አስለስናለሁ» ብለው ተስለው ነበር። ልጁ ዳነ።

ሙሴ ፖል ራሳቸውን ያዙ። «ሲሚንቶ ውኃውን አፍኖ ይይዛል፤ ጭቃው ከውስጥ ይበሰብሳል። ግድግዳውን በሲሚንቶ የነካ ሠልጣኝ ይባረራል።»

የደብሩ አለቃ ደግሞ «ስለት አይመለስም» አሉ።

እትዬ በለጡ እጄን ጨብጠው ያዙኝ። «ታደሰ፣ ስለቴን መልሳችሁብኝ ልጄ ቢያገረሽበት፣ ማንን ልጠይቅ?»

ለማን ልቁም? እሳቸውም ልክ ናቸው፤ መምህሬም ልክ ናቸው። ከሥራውም ከጎረቤቴም ሳልሆን ከሁለት ያጣ ጎመን ልሆን ነው። ሲጨንቀኝ ሄጄ ያቺው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩና ግድግዳውን አየሁት። ታች ታቹ ጠቁሯል። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ መውጫ አጥቶ እግሩ ሥር ይተኛል።

«ሙሴ፣ ሲሚንቶው የውኃ መውረጃ ቦይ ቢሆንስ? ከግድግዳው ራቅ ብሎ?» አልኳቸው።

«ግድግዳውን ሳይነካ ከሆነ ይሁን» አሉ። አለቃም «ለቤተ ክርስቲያኗ እስከዋለ ድረስ» ብለው እሺ አሉ።

እትዬ በለጡ ግን አለቀሱ። «እኔ ለቦይ ነው እንዴ የተሳልኩት?» ቦዩን ስሠራ ሁሉ ልቤ አላረፈም፤ ልጁ ባሳለ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

ሐምሌ ላይ ዶፉ ጥሎ ሲያባራ እትዬ በለጡ መጡ። ውኃው በቦዩ እየተንደረደረ ሲወርድ ቆመው አዩ። ግድግዳውን ከታች በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ደረቅ ነው። እንደ ልማዳቸው ተሳለሙት። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው ጭቃው ላይ ተንበረከኩና የቦዩን ጠርዝ ተሳለሙ።

ሙሴ ፖል አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ቦዩም ቅዱስ ነው እንዴ?»

«እንጃ» አልኳቸው። እስከ ዛሬም እንጃ ነው።

ፈተናውን አለፍኩ፤ ጡረታ የወጣሁትም በዚሁ ሙያ ነው። ለአዳዲስ ሠልጣኞች የምለው ይህን ነው፦ ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት የሚሳለሙትን ሰዎች ጠይቁ።