ኩሽኔታ የምትበላው መኪና

አባቴ መኪናዋን የገዛት ቡታጅራ ከሚኖር አንድ ነጋዴ ነው። ነጋዴው ደግሞ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ መሐንዲስ ገዝቷት ነበር። ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ አራቱም ጎማዎቿ የሚጎትቱ የመስክ መኪና ናት። አባቴ ወልቂጤ ላይ ጨርቅ ይሸጣል እንጂ የመስክ ሥራ የለውም። የገዛት ለመስቀል አገሩ ሲገባ እንዲታይባት ነው፤ ይህን እሱ ራሱ አይክድም።

መታየት ብቻም አልነበረም። በእኛ ቤት አባት ከሞተ የመስቀሉን በሬ የሚያርደውና የሚመርቀው ታላቁ ልጅ ነው። ታላቁ አባቴ ነው። ነገር ግን ሁለት መስቀል አከታትሎ ቀረ፤ አንዴ በሕመም፣ አንዴ በመንገዱ ጭቃ አሳብቦ። ሁለቱንም ጊዜ ታናሽ ወንድሙ አረደ። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል ጨርሼ ለእረፍት ቤት በነበርኩበት ክረምት፣ አያቴ በዘመድ ላከችበት።

«ዘንድሮም ከቀረህ ቢላው የወንድምህ ነው፤ እስከ መጨረሻው። አንተ እንደ እንግዳ ቁጭ ብለህ የሰጡህን ትበላለህ።»

አባቴ መልእክቱን ከሰማ በኋላ ምግብ አልወርድ አለው። እናቴ «ጾሙን አስቀድሞ ያዘው» አለች።

ያቺን መኪና ከገዛ ወዲህ ግን የፊተኛው ቀኝ ጎማዋ አላስቀምጥ ብሎታል። መጀመሪያ እንደ ንብ ታጉረመርማለች፤ ከዚያ እንደ ወፍጮ ትጮኻለች፤ ከዚያ ጎማው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። መካኒኩ ሲፈታው የሞተው ሁልጊዜ ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታ ጎማው ያለችግር እንዲሽከረከር የሚያደርግ፣ ውስጡ ትንንሽ ብረቶች የተደረደሩበት ቀለበት ነው። ግራሶ የሚሉት ወፍራም ቅባት በደንብ ከተቀባ ዓመታት ያገለግላል ይባላል። የእኛዋ በአንድ ክረምት ሦስት በላች።

መካኒኩ አስመራ ተምሬአለሁ የሚል ሰው ነበር። በመጀመሪያው ጊዜ ጥፋቱ የግራሶው ነው አለ። በሁለተኛው የመንገዱ ነው አለ። በሦስተኛው የፈረንጁ ነው አለ፤ ፈረንጁ አገሩ ከገባ ወራት አልፎታል።

«ጌታዬ፣ ይቺ መኪና ጠላት አላት» አለው አባቴን።

«ማን ነው ጠላቷ?»

«እኔ መካኒክ ነኝ። እሱን እርስዎ ይወቁት።»

እናቴ ጠላቱን ለማወቅ አልተቸገረችም፤ በራችን ላይ ቆማ መኪናዋን አተኩራ የምታይ አንዲት ጎረቤት ነበረች። ለሰው ዓይን መድኃኒቱ ጠበል ነው። አባቴ ትንሽ ካንገራገረ በኋላ ተስማማና ራቅ ያለ ጠበል ይዞን ሄደ። አጥማቂው ቄስ መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩአት።

«የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«የላትም፣ አባ።»

«ያለ ስም አላጠምቅም። በእርስዎ ስም ትጠመቃ።»

መኪናዋ በአባቴ የክርስትና ስም ተረጨች። መርጨቱ ግን ለአባቴ አነሰበት። ከጠበሉ በታች ወደሚወርደው ውኃ እስከ ሆዷ ድረስ ነዳት። ብዙ መንገድ ስለመጣን የጎማዎቿ ብረት ግሎ ነበር፤ ውኃው ሲነካው «ጭስስ» አለ።

«ሰይጣኑ ሲወጣ ነው» አለ አባቴ ደስ ብሎት።

ውኃ ውስጥ ማስገባቱ አዲስ ነገር አልነበረም። አባቴ አቧራና ጭቃ ይዞ የሰው አገር አይገባም። ከከተማ በፊት ወንዝ ካለ እስከ ሆዷ ያስገባትና እንደ ሕፃን ያጥባታል። በበቅሎ በሚሄድበት ዘመንም በቅሎዋን እንዲሁ ነበር የሚያደርጋት፤ በቅሎ ግን ኩሽኔታ የላትም።

መካኒኩ አዲሱን ኩሽኔታ ገጥሞ የጨረሰው የእርዱ ዕለት ማለዳ ነበር። አባቴ፣ እናቴና እኔ ወዲያው ተነሣን። ዋቤ ወንዝ ስንደርስ አባቴ እንደ ልማዱ ከድልድዩ ወረደና መኪናዋን አጠባት። ጥቂት እንደሄድን ማጉረምረሟን ጀመረች። አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንጎራጎር ጀመረ።

«አንተ ነህ ጎማው ነው?» አለች እናቴ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ አንተም ግራሶ ያስፈልግሃል።»

አታትን ካለፍን በኋላ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። አባቴ ወርዶ የጎማውን መሐል በእጁ ነካና እጁን ወደ አፉ ወሰደ። «ሞቋት ነው እንጂ ሌላ አይደለም» አለና አጠገባችን ወዳለው ጅረት ነዳት። ጭስስ አለች። ከጅረቱ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ ጎማው ወደ ውጭ ተንጋደደ፤ መኪናዋ ቦዩ ላይ ጎኗን ሰጥታ ቆመች።

አባቴ ነጠላውን አውልቆ ጭቃው ላይ ተንበረከከ። የመሐሉን ክዳን ሲከፍተው ግራሶ ይወጣል ብለን ስንጠብቅ ወተት የገባበት ሻይ የመሰለ ውኃ ተንዶለዶለ። የብረት ስብርባሪም አብሮት ወረደ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችው።

«ሰይጣኑ ይሄ ነው?»

የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃውን ወደ ውስጡ እንደሚስብ፣ የዚያኛው ጎማ ውኃ መከላከያም ያረጀ እንደነበር ኋላ ላይ ተነግሮኛል። ያን ዕለት ግን ማንም እንዲነግረን አላስፈለገም። ክረምቱን ሙሉ መኪናዋን የገደላት ያ ሁሉ ማጠቡ ነበር፤ ጎረቤታችን በከንቱ ታምታለች። አባቴ እስከ ክርኑ በጥቁር ግራሶ ተለውሶ ፀሐይዋን ያያል። ፀሐይዋ ከአናት አልፋለች።

በዚህ መሐል ከመስቃን ወገን ተራራውን አቋርጦ የመጣ አንድ በርበሬ ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ ደረሰ። ገሚሱን ሸጦት ኖሮ ጭነቱ ቀሎ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። ምን ሆናችሁ?»

«እርድ ሊያመልጠኝ ነው» አለ አባቴ። ስለ ጎማው ትንፍሽ አላለም።

«የት ነው እርዱ?»

«ከአገና ወዲህ።»

«እኔም ወደ አገና ነኝ። ሥጋችሁን አልበላም እንጂ ቢላው ድረስ አደርስሃለሁ። ውጣ!»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ።

«ሂድ» አለችው። «እኔ የቀሩትን ሦስት ጎማዎች እጠብቃለሁ። እንግዳ ሆነህ ስትበላ ማየት አልፈልግም።»

አባቴ በርበሬው ላይ ወጣ፤ እኔ ለእርዱ ያዘጋጀውን ነጭ ልብስ በጥቅል ይዤ በእግሬ ተከተልኩ። መንገዱን ሙሉ አስነጠሰው። ሰው «እንኳን አደረሰህ» ሲለው የሚመልሰው በማስነጠስ ነው። በቅሎዋ ወንዝ ባየች ቁጥር መቆም ያምራታል፤ አባቴ «እንለፍ! እንለፍ!» ይላል። ወንዝ ሲጠላ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስንደርስ በሬው ተጠልፎ ወድቋል። ሽማግሌዎቹ ከበዋል፤ አጎቴ ቢላውን ይዟል።

«ይሄ ከሰል ሻጭ ከየት መጣ?» አለ አጎቴ። ጠጋ ብሎ አየና «ውይ፣ ወንድሜ! መኪናህስ?»

«ትመጣለች» አለ አባቴ።

ነጭ ልብሱን ለበሰ። እጁ ግን ያው ነው። ውኃ ቀረበ፣ ሳሙና ቀረበ፣ አመድ ቀረበ፤ ግራሶው ንቅንቅ አላለም። አንድ ሽማግሌ «በዚህ እጅ ቢላ አይያዝም፣ ነውር ነው» አሉ። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም «ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፣ ልረድ?» ሲል ድምፁ ውስጥ ኀዘን አልሰማሁም።

አያቴ የቅቤ እንስራ ታቅፋ ከቤት ወጣች። ቅቤውን በእፍኟ ዛቀችና የአባቴን እጅ ይዛ ትለቀልቀው ጀመር። በእንሰት ቃጫ ፈተገችው። ጥቁሩ እየተንጠባጠበ ወረደ።

«ኧረ እማዬ፣ የክትፎው ቅቤ ነው!» አለ አጎቴ።

«እኔ ሁለት መስቀል ጠብቄዋለሁ። በሬው ትንሽ ቢጠብቅ ምን ይሆናል?»

«ክትፎውስ?»

«ክትፎውን ደረቁን ብላ።»

ጥፍሮቹ ሥር ያለው ጥቁር አልለቀቀም፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና «ይሁን» አሉ። አጎቴ ቢላውን በእጀታው በኩል አዙሮ ሰጠው።

እናቴን የሚያመጡ ሁለት ጎረምሶች ከነበቅሏቸው ተላኩ። ያን ዓመት ክትፎው ቅቤ አነሰው። ማንም ቅር አላለውም ብል እዋሻለሁ፤ አጎቴ እስክንተኛ ድረስ ሲያጉረመርም፣ አባቴ ከቤቱ ራስጌ፣ በታላቁ ልጅ ቦታ ተቀምጦ ያጎርሰው ነበር።