የኔታ እና ያልደረሰው ጆሮ

ወታደሮች የያዙኝ ረፋድ ላይ፣ ከቤተ ሙከራ ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ስስ ሽፋንና ፀጉር የመሰለ ሽቦ እያገላበጡ «ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ጆሮ» አልሁ። ያሾፍሁባቸው መሰላቸው።

የታሰርሁት ከሌሎች ሰዎች ጋር፣ ጣና ዳር ባለ የድሮ መጋዘን ነበር። ወለሉ አቧራ፣ ሽታው የዓሣ። ጥግ ላይ ቦታ ያጋሩኝ ከደልጊ የመጡ የዜማ መምህር ነበሩ። ሰላም ስላቸው «አልሰማም ልጄ፤ ጻፍልኝ» ብለው ወለሉን አሳዩኝ።

ከመንደራቸው አጠገብ የፈነዳ ነገር ሁለቱንም ጆሯቸውን ወስዶታል። የታሰሩትም በዚሁ ነው፤ መንገድ ላይ «ቁም!» ሲባሉ አልሰሙም፤ መሄዳቸውን ቀጠሉ።

«አንተስ ምን ስትሠራ ያዙህ?»

«ጆሮ» ብዬ በጣቴ ጻፍሁ።

አልሳቁም። «እንዴት ያለ ጆሮ?»

የጆሮን ውስጥ ሣልሁላቸው፤ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ፈሳሽ የያዘ፣ ደቃቅ ፀጉር የበቀለበት። ድምፅ ሲገባ ፈሳሹ ይናወጣል፤ ፀጉሩ ተወዛውዞ ለአንጎል ይናገራል። «የርስዎ ፀጉር ረግፏል፤ ተመልሶ አይበቅልም» ብዬ ጻፍሁ። እኛ በቤተ ሙከራችን ያን ፀጉር አስመስለን፣ አንድ ቀን ሰው ጆሮ ውስጥ የሚቀበር ሽፋን ለመሥራት እየሞከርን ነበር።

ሥዕሉን ሲያዩት ቆዩ።

«ለኔ ይደርሳል?»

ጣቴ አቧራው ላይ ቆመ። ገና ሰው ላይ አልሞከርነውም። ኮምፒውተሬንም ወስደውታል። ውጭ አገር ያለው የመስሚያ መሣሪያ ደግሞ ዋጋው ለእሳቸው የሚታሰብ አይደለም። ብዋሽ ማንን እጎዳ ነበር?

«አይደርስም» ብዬ ጻፍሁ።

ቃሉን በመዳፋቸው ቀስ ብለው አጠፉት። «እግዜር ይስጥህ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠባቂው በር ላይ ሆኖ ስማቸውን ጠራ። ደገመ። ጮኸ። ትከሻቸውን ነክቼ ወደ በሩ አመለከትሁ። ተነሡ። የላላውን ጥምጥማቸውን ፈተው እንደገና ይጠመጥሙ ጀመር፤ ዙር በዙር፣ ጫፉን እያስተካከሉ። ጠባቂው «ፍጠን አንተ ሽማግሌ!» እያለ ይሳደባል። ስድቡን አልሰሙትም፤ ፊቱን ግን አይተውታል። አልቸኮሉም። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለሁላችንም እጅ ነሥተው ወጡ።

እኔ ከወራት በኋላ ተፈታሁ። ቤተ ሙከራው ተዘግቷል፤ ሽፋኑ የት እንደተጣለ የሚያውቅ የለም። አሁን ሰባታሚት ባለ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንዳንድ ጊዜ «ይደርሳል» ብላቸው ኖሮ እላለሁ።

አምና ደልጊ ሄጄ ቤታቸውን አፈላለግሁ። አልተመለሱም። እህታቸው በር ላይ ቆመው «ሲጠሩት የሚነግረው ሰው ነበረው?» አሉኝ።

«ያን ቀን ነበረ» አልኋቸው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እሳቸውም አልጠየቁኝ፤ እኔም አላውቀው።