ዲሽ ልገጥም ሄጄ መጽሐፍ ሰምቼ መጣሁ

«ልጄ፣ መዶሻውን አቁምልን፤ ሰውየው ሊሞት ነው!»

ዛሬ እዚሁ ከሚሴ አንድ ቤት ጣሪያ ላይ ዲሽ እየገጠምኩ ከታች አንዲት እናት ይህን ብለው ሲጮሁ ስሰማ መሰላሉን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም።

ለካ ሊሞት ነው የተባለው ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የኖረ ሊቅ ነው። የሕይወት ታሪኩ እየተነበበ ነበር።

የሚያነቡት እማማ ዘይነብ፣ የሚያዳምጡት ባለቤታቸው አባባ ሙሄ ናቸው። አባባ ሙሄ የጥንት ሰዎችን ታሪክ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ግን ሦስት ዓመት ሆነ።

እማማ ትምህርት ቤት ገብተው አያውቁም ነበር። ባላቸው ዝም ብለው ሲውሉ አላስችል ሲላቸው፣ በስድሳ ዓመታቸው የጎልማሶች ትምህርት ገብተው ፊደል ቆጠሩ።

እኔም በሩ ላይ ቁጭ አልኩ። (ኑሮዬ በቴሌቪዥን ነው፤ መጽሐፍ ከገለጥኩ ስንት ጊዜዬ!)

እማማ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየሞከሩ ያነባሉ። ሊቁ ተማሪዎቹን ሲሰናበት ድምፃቸው ተቆረጠ።

«ኢቲ ፉፊ ዘይነብ፣ ቀጥይ» አሉ አባባ ቀስ ብለው።

ቀጠሉ። ጨረሱትም። ሙሉ መጽሐፍ ሲጨርሱ የመጀመሪያቸው ነው።

አባባ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «አልሀምዱሊላህ! ይኼን መጽሐፍ እኔ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቀን አላስለቀሰኝም» አሉ።

እማማ እንደ ልጃገረድ አፈሩ።

በእናንተ ቤትስ ለሌላ ሰው ብሎ የሚያነብ አለ? ምን እንደሚያነብላችሁ እስኪ አጫውቱኝ።